አራቱ ደቂቃና ብላቴኖቹ

በ1962 የመጸው ወራት (ዘመናቱን፣ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) በአሜሪካ አገር በካንሳስ ግዛት፣ ዊቺታ በምትባለው ከተማ በሚገኘው ኢስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አገር አቋራጭ ለመሮጥ ከተመዘገቡት ተማሪዎች መካከል ዕድሜው 15 ዓመት የሆነ፣ ቁመቱ የረዘመ፣ አካሉ የቀጠነ፣ ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ የቤዝቦል ቡድንም ሆነ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን ሳይመረጥ የተመለሰ አንድ ብላቴና ነበረ። የመጀመሪያውን አንድ ማይል፣ ማለት 1609 ሜትር፣ በሰዓት ተለክቶ በሮጠ ጊዜ 5 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ፈጀበት፤ ይህም በዚያ ዕድሜ ላለ ጤናማ ልጅ የሚያሳፍር ባይሆንም መምህራኑን ቆም ብለው እንዲያዩት የሚያደርግ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን፣ ጁን 5 ቀን 1964፣ በካሊፎርኒያ ኮምፕተን በተደረገ ውድድር ይኸው ልጅ፣ ጂም ራየን፣ ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨረሰ። የወጣው ስምንተኛ ነው፤ ከፊቱ የነበሩት ሰባቱም እንደ እርሱ ከአራት ደቂቃ በታች ገብተዋል፤ ታሪክ ግን አጥብቆ የያዘው ስምንተኛውን ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ ያንን ወሰን ያለፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረምና።

አራት ደቂቃ በራሱ ምስጢር የለበትም። ቀደምት ሰዎች ሰዓትን በስድሳ ስለ ከፈሉት፣ እንግሊዞችም የመሮጫ ሜዳቸውን አራት ዙሩ አንድ ማይል እንዲሞላ አድርገው ስለ ለኩት፣ እያንዳንዱን ዙር በአንድ ደቂቃ መጨረስ የሚል ለዓይን የሚያምር ቍጥር ተገኘ። ሰው ደግሞ ለሚያምር ቍጥር ይሸነፋልና፣ ይህ ወሰን ከሜይ 6 ቀን 1954 በፊት የማይደፈር አጥር፣ ከዚያ በኋላ የወጣቶች መመዘኛ ሆነ። በዚያ ዕለት በኦክስፎርድ በኢፍሊ ሮድ ሜዳ ላይ፣ በክሪስ ብራሸርና በክሪስ ቻታዌይ አሯሯጭነት ተደግፎ በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ የገባው ሮጀር ባኒስተር የ25 ዓመት ጐልማሳ፣ የሕክምና ተማሪ ነበረ። አስተዳደጉን ለዛሬ አሠልጣኝ ቢነግሩት ሳያሥቀው አይቀርም፤ ስፓይክ ጫማ ያደረገው በ17 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው፤ በ1948 ኦሊምፒክ በገዛ አገሩ በለንደን ሲደረግ ገና አልበሰልሁም ብሎ ራሱን ከምርጫው አገለለ፤ በኋላም ልምምዱን የሚፈጽመው በምሳ ሰዓት ከሕክምና ትምህርቱ በሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ነበር።

እንግዲህ በባኒስተርና በራየን መካከል ያለው ዐሥር ዓመት ብቻ ነው፤ ሆኖም አንደኛው በ17 ዓመቱ መሮጥን ሲጀምር፣ ሁለተኛው በ17 ዓመቱ አጥሩን አልፎ ሄደ። ይህን ያየ ሰው ትውልዱ በረታ፣ ተፈጥሮ ተለወጠ ሊል ይችላል፤ እኔ ግን የሰው ሥጋ በዐሥር ዓመት አይለወጥም እላለሁ። የተለወጠው ብላቴናውን የያዘው እጅ ነው፤ ያ እጅ የአባት ይሁን፣ የመምህር ይሁን፣ የመንግሥት ይሁን፣ ወይም የልጁ የራሱ ፈቃድ ብቻ ይሁን፣ በ16 ዓመት የተመዘገበ ሰዓት ስለ ልጁ ጸጋ ጥቂት፣ ስለ ያዘው እጅ ግን ብዙ ይናገራል።

ነገሩን መካከለኛ ርቀት ከሌሎቹ ርቀቶች ሁሉ ይበልጥ ያከረዋል። መቶ ሜትር የሚሮጥ ሰው ፍጥነቱን ከእናቱ ማሕፀን ይዞ ይወጣል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ማራቶን ደግሞ የብዙ ዓመት ድካም ውጤት ነውና ልጆችን አይቀበልም፤ 800ና 1500 ሜትር ግን ከሁለቱም ወገን ግብር ይጠይቃሉ። በ1500 ሜትር ሩጫ ሰውነት ከሚያወጣው ኃይል ከአራት ሦስቱ እጅ የሚበልጠው በምንተነፍሰው አየር የሚገኝ ሲሆን፣ ቀሪው ያለ አየር በጡንቻ ውስጥ ከሚፈርሰው ስኳር ይመጣል፤ በ800 ሜትር የዚህ የሁለተኛው ድርሻ ወደ ሲሶ ከፍ ይላል፣ አልፎም ይሄዳል። ልብ፣ የደም ብዛትና በጡንቻ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች በረጅምና በቀስታ ሩጫ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ ይጐለብታሉ፤ ያለ አየር የሚሠራው ኃይል ግን በልጅነት ገና ያልበሰለ ሆኖ ይቆይና አካለ መጠን ከመድረስ ጋር ይመጣል፣ በብርቱ ልምምድም በጥቂት ወራት ይሳላል። የፈተናው ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ዛሬ እንዲያሸንፍለት የሚሻ አሠልጣኝ አጭሩን መንገድ ይዞ ይህን ኃይል ይስለዋል፤ በሃያ አራት ዓመቱ እንዲያሸንፍለት የሚሻው ግን ልጁ ሲሸነፍ እያየ ብዙ ጊዜ ዝም ማለት አለበት።

ከራየን በፊት የነበረው ታላቅ ወጣት ኸርብ ኤልየት ነው። በ1938 በምዕራብ አውስትራልያ በፐርዝ ተወልዶ በተማሪነቱ በሩጫ የታወቀ ቢሆንም፣ ፒያኖ ሲያነሣ እግሩ ላይ ወድቆበት አጥንቱ ከተሰበረ በኋላ ሩጫውን ትቶ ለሲጋራና ለወጣትነት ጨዋታ ራሱን ሰጥቶ ነበር። በ1956 ወላጆቹ የሜልቦርኑን ኦሊምፒክ ሊያሳዩት አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ወሰዱት፤ እዚያም የሶቭየቱ ቭላድሚር ኩትስ 5,000ና 10,000 ሜትርን ጠቅልሎ ሲያሸንፍ አይቶ ልቡ ተነካ። ፈቃዱ በነቃ ጊዜ መምህር ተገኘለት፤ ከሜልቦርን ራቅ ብላ በባሕር ዳር በምትገኘው በፖርትሲ ፐርሲ ሰሩቲ የሚባሉ፣ በጐልማሳነታቸው በጽኑ ታመው በእግር ጉዞ፣ በሩጫና በምግብ ምርጫ ራሳቸውን ያዳኑ፣ የስቶይክ ፈላስፎችንና የስፓርታ ሰዎችን ኑሮ አዋሕደው የሚሰብኩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሥርዓታቸው የገዳም ሥርዓት ይመስል ነበር፤ ደቀ መዛሙርታቸው ያልበሰለ አጃና ፍራፍሬ ይበላሉ፣ በአሸዋው ጉብታ ላይ ሽቅብ ይሮጣሉ፣ በባሕር ይዋኛሉ፣ ከዚያም ስለ ፈላስፎችና ስለ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት ትምህርት ይሰማሉ። ኤልየት በጃንዋሪ 1958፣ 20 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ59.9 ሰከንድ ገባ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት በደብሊን ይህንን ወደ 3 ደቂቃ ከ54.5 ሰከንድ አወረደው፤ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1960 በሮማ ኦሊምፒክ 1500 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ35.6 ሰከንድ፣ በአዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ከአራት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ፤ አበበ 28፣ ኤልየት 22 ዓመታቸው ነበር። ኤልየት ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ብዙም ሳይቈይ ሩጫን ተወ፤ ጐልማሳ ከሆነ ጀምሮ በማይልና በ1500 ሜትር አንድ ሰው እንኳ ሳያሸንፈው ነው የሄደው። እርግጥ ነው፣ የ22 ዓመት ሰው ያቆመው ሩጫ በ30 ዓመቱ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ እኔ ግን ይህ ሰው ባቆመበት መንገድ እቀናለሁ።

በሮማ በዚያው ኦሊምፒክ 800 ሜትሩን ያሸነፈው የኒውዚላንዱ ፒተር ስኔልም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። በአፍላነቱ ቴኒስ ይጫወት የነበረ፣ በ19 ዓመቱ አካባቢ አርተር ሊድያርድ ከተባሉት የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ ጋር ተገናኝቶ ለአንድ ደቂቃ ከሦስት ሩብ ሩጫ በሳምንት መቶ ማይል እየሮጠ የተዘጋጀ ሰው ነው። ሊድያርድ ልጆችን በአጫጭርና በብርቱ ድግግሞሽ መቀጥቀጥ ነውር ነው እያሉ እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ዊቺታ ላይ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። የራየን አሠልጣኝ ቦብ ቲመንስ መልካም ሰው ነበሩ፤ ስለ እርሳቸው የሚጽፉ ሁሉ በዚህ ይስማማሉ። ለዚህ ቀጭን ተማሪ ከአራት ደቂቃ በታች ትገባለህ ብለው የነገሩት ልጁ ራሱ ይህን ሊያስብ በማይደፍርበት ጊዜ ነው፤ ተስፋውን ከሰጡ በኋላም ተስፋው የሚጠይቀውን ሥራ ያለ ምሕረት ሰጡት። ሩብ ማይልን በመካከሉ ጥቂት እያረፉ ደጋግሞ መሮጥ፣ ድግግሞሹም በአንዳንድ ቀን በዐሥራዎች የሚቈጠር፣ ጧት ከትምህርት በፊት ደግሞ ሌላ ሩጫ፤ ይህ ሁሉ የተጫነው በ16ና በ17 ዓመት ትከሻ ላይ ነው። ፍሬውም ፈጥኖ ታየ። በ1965፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በሳን ዲዬጎ በ3 ደቂቃ ከ55.3 ሰከንድ ገብቶ የኦሊምፒኩን ባለ ድል ፒተር ስኔልን አሸነፈ፤ ጁላይ 17 ቀን 1966 በበርክሌይ፣ በ19 ዓመቱ፣ የማይሉን ክብረ ወሰን 3 ደቂቃ ከ51.3 ሰከንድ አደረሰው፤ በቀጣዩ ዓመት በቤከርስፊልድ ሁለት ዐሥረኛ ሰከንድ ቀነሰለት፤ በሎስ አንጀለስም የኬንያውን ኪፕ ኬይኖን ከኋላው ትቶ 1500 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ33.1 ሰከንድ ሮጠ። ይህ ሁሉ የዛሬው ለስላሳ ሰው ሠራሽ መም ባልነበረበት ዘመን የተሠራ መሆኑን ስናስብ፣ ብላቴናው የተሰጠው ጸጋ እጅግ ብርቅ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም።

ነገር ግን የራየን የማይል ሰዓት ከዚያ ወዲያ አልወረደም፤ በ20 ዓመቱ የሮጠው የሕይወቱ ምርጥ ሆኖ ቀረ። በ1968 የጸደይ ወራት ከእጢ ትኵሳት በሽታ ጋር ታግሎ በኦክቶበር ለኦሊምፒኩ ወደ ሜክሲኮ ከተማ ሄደ፤ ከተማይቱ ከባሕር ጠለል 2,240 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ናት፤ በሜዳ አገር ላደገ ልጅ ቀርቶ ለማንም ሳንባ ጽኑ ፈራጅ ናት። በናንዲ ከፍታ ተወልዶ ያደገው ኬይኖ፣ ጓዱ ቤን ጂፕቾ የመጀመሪያውን ዙር በእብደት ፍጥነት ካስኬደለት በኋላ፣ 1500 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ34.9 ሰከንድ ገባ፤ ራየን ወደ ሦስት ሰከንድ በሚጠጋ ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። የአገሩ ሰዎች ብር በማምጣቱ ወቀሱት፤ በእኔ ግምት ግን በዚያ አየር፣ ከዚያ በሽታ በኋላ የተገኘ ያ ብር ከክብረ ወሰኖቹ ይልቅ ሰውየውን የሚያስከብር ነው። በ1972 በሙኒክ ማጣሪያው ላይ ከሌላ ሯጭ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ኦሊምፒኩም በዚያው አለቀበት። በኋላ ዘመን ካንሳስን ወክሎ በአሜሪካ ምክር ቤት ተቀምጧል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ቲመንስን ለመውቀስ የሚቸኵል ሰው አንድ ነገር ያስብ። በአሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነት ከአራት ደቂቃ በታች የገቡት ከ1964 እስከ 1967 ሦስት ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 2001 ድረስ፣ ለሠላሳ አራት ዓመት ያህል፣ አንድ እንኳ አልተገኘም። የአገሪቱ ሕዝብ በዚያ ጊዜ ሁሉ በቍጥር እየበዛ፣ መሙ እየተሻሻለ፣ ስለ ሰው አካል ያለው ዕውቀት እየጠለቀ ሲሄድ ነበር፤ ስለዚህ ጸጋው አልጠፋም፤ የጠፋው ያ እጅ ነው፤ አሠልጣኞች ብርቱውን ሸክም ፈርተው ልምምዱን አቀለሉት። ዝምታውን የሰበረው አለን ዌብ፣ ሜይ 2001 በዩጂን በ3 ደቂቃ ከ53.43 ሰከንድ ገብቶ የራየንን የተማሪነት ሰዓት ሻረ። እርሱም በ2007 በቤልጅየም 3 ደቂቃ ከ46.91 ሰከንድ ሮጦ የአሜሪካን ክብረ ወሰን ቢይዝም፣ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ሳይዳስስ ሩጫውን ጨረሰ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የእንግሊዞቹ ነገር ለማሰላሰል ያመቻል። በ1972 በእንግሊዝ ተማሪዎች የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና፣ በመካከለኛው የዕድሜ ክፍል፣ በጭቃ ላይ ከሮጡት ብላቴኖች መካከል ሁለተኛ የወጣው ስቲቭ ኦቬት፣ ዐሥረኛ የወጣው ሰባስትያን ኮ ነበር። አንደኛ የወጣው ልጅ ስሙ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ አልተጻፈም፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ያሸነፈ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ይነገርለታል።

ኦቬት የብራይተን ልጅ፣ ደንዳና፣ ከ400 ሜትር የጀመረ፣ ቀድሞ የጐለመሰ ነበር። በ17 ዓመቱ በዱዊስቡርግ የአውሮፓ ወጣቶች 800 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ18 ዓመቱ በሮማ ከዐዋቂዎች ጋር ተሰልፎ በ1 ደቂቃ ከ45.8 ሰከንድ የአውሮፓን ብር ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ማይሉን ከአራት ደቂቃ በታች ሮጠ። ኮ ግን ትንሽና ስሱ ነበር። አባቱ ፒተር ኮ በሼፊልድ በሹካና ማንኪያ ፋብሪካ የሚሠሩ መሐንዲስ እንጂ በሕይወታቸው ሯጭ ያልነበሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ለመሮጥ በተነሣ ጊዜ ስለ አካል አሠራር የተጻፈውን እየፈለጉ አንብበው፣ እንደ መሐንዲስነታቸው ለክተውና መዝግበው፣ ብዙ ማይል ከማስሮጥ ይልቅ በልዩ ልዩ ፍጥነት ማለማመድን መረጡ። በመሸነፉ አልደነገጡም፤ ለማሸነፉም አልቸኰሉም። በ1975 በአቴና የአውሮፓ ወጣቶች 1500 ሜትር ነሐስ፣ በ1978 በፕራግ በዐዋቂዎቹ 800 ሜትር ሌላ ነሐስ፤ በዚያ ፍጻሜ ኦቬት አንድ ደረጃ ቀድሞት ነበር። ከዚያ በ1979 በጋ፣ 22 ዓመቱ ሳለ፣ በ41 ቀን ውስጥ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ጁላይ 5 በኦስሎ 800 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ42.33፣ ጁላይ 17 በዚያው ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ48.95፣ ኦገስት 15 በዙሪክ 1500 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ32.03 ሰከንድ። በ1980ና በ1984 ኦሊምፒክ 1500 ሜትርን አሸነፈ፤ የራሱን ምርጥ የ1500 ሜትር ሰዓት፣ 3 ደቂቃ ከ29.77 ሰከንድ፣ የሮጠው በ1986፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው።

የኮ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ትዕግሥት ያሸንፋል ብዬ ጽሑፌን በዚህ በዘጋሁ ነበር። ነገር ግን ያ ቀድሞ የጐለመሰው ኦቬት በ1980 በሞስኮ 800 ሜትሩን አሸነፈ፣ በ1983ም በሪየቲ፣ በ27 ዓመቱ፣ የ1500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 3 ደቂቃ ከ30.77 ሰከንድ አድርሷል። እርሱ ቀድሞ ቢያብብም ቀድሞ አልረገፈም፤ አሠልጣኙ ሃሪ ዊልሰን በአፍላነቱ ያገኘውን ፍጥነት ሳይቸኵሉ በጽናት ላይ አስደግፈውለታልና። በዚያው በፕራግ ሁለቱንም ያሸነፈው የምሥራቅ ጀርመኑ ኦላፍ ባየር ነበር፤ በዚያች አገር ልጆችን ከየትምህርት ቤቱ ለክቶ የሚመርጥና በስፖርት አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚያሳድግ መንግሥታዊ ሥርዓት ነበረ፤ ከ1974 ጀምሮም ያው መንግሥት አበረታች መድኃኒት ለአትሌቶች በምስጢር የማደል ዕቅድ ማጽደቁ በኋላ ከገዛ መዛግብቱ ተገኝቷል። የመንግሥት እጅ ሲይዝ እንዲህ ነው፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልወድድም።

ወደ እኛ ክፍለ ዓለም ስንመጣ ማነጻጸሩ ራሱ ይቸግራል፤ በዕድሜ ለማነጻጸር በመጀመሪያ ዕድሜ ሊታወቅ ይገባልና። የእንግሊዝ ልጅ በተወለደ በጥቂት ሳምንት በመዝገብ ይገባል፤ በአገራችን ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በእኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የገጠር እናት የልጇን ዕድሜ የምትቈጥረው በክርስትናው ቀን፣ በድርቁ ዓመት ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር በማስተያየት ነበር። ደግሞም የሩቅ አገር ጸሐፊዎች የአርሲን ልጅ ጽናት ወደ ትምህርት ቤት በመሮጡ ብቻ ሊያስረዱ ሲሞክሩ እሰማለሁ፤ ወደ ትምህርት ቤት መሮጥ ብቻውን ሯጭ ቢያደርግ ኖሮ፣ የአገራችን መንገዶች ሁሉ በሻምፒዮኖች በተጨናነቁ ነበር። በበቆጂ መምህር ስንታየሁ እሸቱ፣ ከኬንያ ወገን በኢተን በቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1976 ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ የመጡት አየርላንዳዊው ወንድም ኮልም ኦኮነል፣ ልጆቹን የያዙ እጆች እነዚህ ናቸው። በኦኮነል እጅ ካለፉት አንዱ ዴቪድ ሩዲሻ፣ አባቱ በ1968 በሜክሲኮ ለኬንያ በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ብር ያመጣ ሲሆን፣ ልጁ በ2006 በ800 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2012 በለንደን የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን ወደ 1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ አወረደ።

ይህን ሩዲሻን በ2011 በሚላኖ ያሸነፈው የ17 ዓመቱ የአሰላ ልጅ መሐመድ አማን ነው። ኢትዮጵያ 800 ሜትርን እንደ ባዕድ ርቀት በምታይበት ዘመን፣ ፈጣን ልጅ ሁሉ ወደ 5,000ና ወደ 10,000 ሜትር በሚመራበት ልማድ መካከል፣ ይህ ብላቴና ብቅ አለ። በ2012 በኢስታንቡል በ18 ዓመቱ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት በዙሪክ ሩዲሻን ዳግመኛ ቀደመው፤ በ2013 በሞስኮ በ1 ደቂቃ ከ43.31 ሰከንድ የዓለም ሻምፒዮን፣ በሴፕቴምበር በብራስልስ ደግሞ 1 ደቂቃ ከ42.37 ሰከንድ ገባ፤ በ2014 በሶፖት የቤት ውስጡን ዘውድ ደገመ። ከዚያ በኋላ ግን በዓለም ሻምፒዮና የሜዳልያ መድረክ ላይ አልታየም። ልማዳችን ለረጅም ርቀት የተሠራ ነው፤ አሠልጣኙም፣ የልምምድ ጓዱም፣ ምክሩም ከዚያ ይመነጫል፤ 800 ሜትር ግን በዙሪያው የሚያውቁት ሰዎች ካልከበቡት ብቻውን የሚያድግ ርቀት አይደለም። በ1500 ሜትር ነገሩ ይሻላል፤ በሁለት ተከታታይ ዓመት፣ በ2008ና በ2009፣ የዓለም ወጣት ሴቶች አገር አቋራጭ ሻምፒዮን የነበረችው ገንዘቤ ዲባባ በ24 ዓመቷ፣ ጁላይ 17 ቀን 2015 በሞናኮ፣ በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። ልብ ያለ አንባቢ የራየንን የበርክሌይ ማይልና የኮን የኦስሎ ማይል ቀን ያስታውስ፤ ሦስቱም በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 10 ቀን የተሠሩ ናቸው። ምክንያት የለውም፤ እንዲያው ደስ ስለሚል ጻፍሁት።

በዘመናችን የአባት እጅ ከሁሉ የበረታበት ቤት በኖርዌይ በሳንድነስ ይገኛል። ዬርት ኢንገብሪግትሰን እንደ ፒተር ኮ ሯጭ ያልነበሩ፣ ከልጆቻቸው ጋር ሙያውን የተማሩ አባት ሲሆኑ፣ ትልቁ ሄንሪክ በ2012፣ ፊሊፕ በ2016 የአውሮፓ 1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆኑ፤ ታናሹ ያኮብ ደግሞ የወንድሞቹን ልምምድ እያየ፣ ከወንድሞቹ ስሕተት እየተማሩ ባሳደጉት እጆች አደገ። ሥርዓታቸው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጧትና ማታ፣ ከጣት ወይም ከጆሮ ጫፍ የተወሰደ ጠብታ ደም እየመረመሩ፣ ላክቴት የሚባለው ንጥር ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ፍጥነቱን መግታት ነው። ያኮብ ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ እንደ ባለሙያ ሯጭ መኖሩን ራሱ ተናግሯል። በሜይ 2017 በዩጂን፣ በ16 ዓመቱ፣ ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ58.07 ሰከንድ ገባ፤ በ2018 በበርሊን በ17 ዓመቱ 1500ና 5,000 ሜትርን በአንድ የአውሮፓ ሻምፒዮና ጠቀለለ፤ በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ3 ደቂቃ ከ28.32 ሰከንድ 1500 ሜትሩን አሸነፈ። ራየን ሊያልፈው ያልቻለውን የሃያ ዓመት ወሰን ያለፈ መሆኑ፣ የሚለካ ሸክምና የማይለካ ሸክም አንድ አለመሆናቸውን ያሳያል።

ያም ሆኖ ከሰዓቱ ጀርባ ያለው ቤት ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በ2022 መጀመሪያ አባትዬው ማሠልጠናቸውን ተዉ፤ በ2023 ሦስቱ ወንድማማቾች አባታቸው በማስፈራራትና በኀይል እንዳሳደጓቸው በአደባባይ ጻፉ፤ አባትዬው ክሱን ካዱ። በ2025 ፍርድ ቤቱ ያኮብን በሚመለከተው ክስ ነጻ ሲያወጣቸው፣ በታናሽ እኅታቸው ላይ በተፈጸመ አንድ ድርጊት ግን ጥፋተኛ ብሎ ቀላል ቅጣት ፈረደባቸው። ፍርዱን ፍርድ ቤት ሰጥቷል፤ እኔ ሌላ አልጨምርበትም። ነገር ግን አባትም አሠልጣኝም የሆነ ሰው ልጁን በስንቱ መብት እንደሚይዝ፣ ልጁም ከሜዳ ወደ ቤት ሲገባ ከአሠልጣኙ ወዴት እንደሚሸሽ የሚጠይቅ ሰው፣ የኮን ደስተኛ ምሳሌ ብቻ እያነሣ ሊያልፈው አይችልም።

ማርች 19 ቀን 2025 ደግሞ በኒውዚላንድ በኦክላንድ ሳም ሩት የሚባል ልጅ በ15 ዓመቱ፣ 16 ሊሞላው አንድ ወር እንኳ ሳይቀረው፣ ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ58.35 ሰከንድ ገባ፤ በዚያ ዕድሜ ይህን ያደረገ ከእርሱ በፊት የለም። አያቱ ሮዝሜሪ በ1970 በኤዲንብራ የኮመንዌልዝ 800 ሜትር ሻምፒዮን፣ ወንድ አያቱ ትሬቨር ራይት በ1971 የአውሮፓ ማራቶን የብር ባለ ሜዳልያ ነበሩ፤ ስለዚህ ርስቱ ከሁለት ወገን የወረደ ነው። ጫማውም፣ መሙም፣ ስለ አካል ያለው ዕውቀትም ከራየን ዘመን ይልቅ ሰከንዶችን ያተርፉለታል፤ 1964ን ከ2025 ጋር በሰዓት ብቻ የሚመዝን ሚዛኑ የተዛባ ነው። ስለ ልጁ መጻኢ ዘመን የሚተነብዩ ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር አልሰለፍም።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ በመዝገብ ከመሐመድ አማን ጋር በአንድ ቀን፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1994 የተወለደችው ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕየጎን ናት። በ2010 በፖላንድ የዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶች ውድድር ላይ፣ በ16 ዓመቷ፣ በባዶ እግሯ ሮጣ አራተኛ ወጣች፤ በቀጣዩ ዓመት ወጣቶቹን አሸነፈች፤ ከዚያ በሪዮ፣ በቶኪዮና በፓሪስ 1500 ሜትርን ሦስት ጊዜ አከታትላ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች፤ በመካከሉም በ2018 ልጅ ወልዳለች። የገንዘቤን ክብረ ወሰን በ2023 የሻረችው እርሷ ናት። ጁን 26 ቀን 2025 በፓሪስ፣ አሯሯጮች ከፊቷና ከኋላዋ ተደርድረው፣ ልዩ ልብስና ልዩ ጫማ ተሰፍቶላት፣ ሴት ልጅ ማይሉን ከአራት ደቂቃ በታች ትገባ እንደ ሆነ ተሞከረ፤ 4 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ሆነ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ጁላይ 5፣ በዩጂን በተለመደ ውድድር ላይ ቆማ 1500 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ48.68 ሰከንድ ሮጠች፤ የራሷን የዓለም ክብረ ወሰን በ31 ዓመቷ ሰበረች።